ስጋት የተገኘላት ከተማ

የከተማችንን ስም ባልነግራችሁ አይክፋችሁ። ብነግራችሁም ካርታ ላይ አታገኟትም። ካርታ ሠሪው የመጣ ጊዜ ክረምት ነበርና ወንዙን ሳይሻገር ተመለሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ስለሆነ ካርታው ላይ አለ። ታች ሰፈር ግን፣ ሕዝቡ በሙሉ የሚኖርበት፣ ከወንዙ ወዲህ ኮረብታው ሥር ስለሆነ በካርታው ላይ ነጭ ቦታ ነው። ያለ ካርታ የሚያገኙን ግብር ሰብሳቢዎች ብቻ ናቸው።

እኔ ጥጋቡ እባላለሁ፤ የእድሩ ድንኳን ተካይ ነበርኩ። የምተርክላችሁ ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ጎረቤቴ ስለ እንዳላማው ነው። እንዳላማው ጡሩምባ ነፊያችን ነበር። ሰው ሲሞት በማለዳ ይነሳና ማዞሪያው ላይ ቆሞ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል። በእኛ ከተማ ጡሩምባ የሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያስብም። የሚበላው ካለ እጁን ከገበታው ላይ ያነሳል፤ የተጣላው ሰው ካለ ጠቡን ለሌላ ቀን ያቆያል፤ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወደ ድምፁ ይሮጣል። ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ኡኡታም ሲሰማ እንደዚሁ ነው። ወዴት ነው አይባልም፤ እግር ራሱ ያውቀዋል።

እንዳላማው አንድ ጭንቀት ነበረው፤ ስንጥቁ። ኮረብታው ላይ፣ ልክ ከእናቱ ከእማማ ደብሪቱ ቤት በላይ፣ የቆየ ስንጥቅ አለ። በየክረምቱ ትንሽ ይሰፋል። እማማ ደብሪቱ ደግሞ እግራቸው ከያዛቸው ወዲህ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ናቸው። «ኮረብታው ቢመጣ እንኳ ተቀምጬ ነው የምቀበለው» ይሉ ነበር። እንዳላማው በዚህ አይስቅም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስንጥቁን ያያል፤ ካየው በኋላ ደግሞ ምንም ማድረግ ስለማይችል ይወርዳል።

በዚያን ጊዜ የከተማችን ዋና አሳቢ አቶ ልሳኑ ነበሩ። ዋና አሳቢ ማለት፣ ሕዝቡ በማሰብ ጊዜውን እንዳያባክን ስለ ሕዝቡ እንዲያስብ የተሾመ ሰው ነው። አቶ ልሳኑ ማሰባቸው እንዲታወቅ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፤ እሑድ እሑድ ይፈቱታል። እንዳላማው ስለ ስንጥቁ ደጋግሞ ሲነዘንዛቸው ሰልችቷቸው ለክልሉ ማመልከቻ ጻፉ። ክልሉ ያን ሰሞን «የሽብርና የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ድጋፍ» የሚባል ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ከእኛ በላይ ያለው ከተማ በዚሁ ገንዘብ ጣሪያው ላይ መብራት የሚሽከረከርበት መኪና ገዝቷል። መንገድ ስለሌለው መኪናውን ቆሞ ነው የሚያሽከረክረው፤ ማለቴ መብራቱን።

የክልሉ መልስ ቶሎ መጣ። ስንጥቁ ከአያቶቻችሁ ዘመን ጀምሮ ያለ በመሆኑ ድንገተኛ ሊባል አይችልም አለ። ኮረብታው ደግሞ ሐሳብና ዓላማ ስለሌለው ሽብር ሊባል አይችልም። የረባ ስጋት ካላችሁ ግን የስጋት መዛኝ ይላክላችኋል።

አቶ ልሳኑ መዛኙ ይምጡ ብለው መለሱ። እንግዳ አይመለስም።

*

የስጋት መዛኟ ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ። ቀጭን፣ ቆፍጣና፣ ጫማቸው ጭቃ የማይነካው ሴት ነበሩ። በአንገታቸው የሐኪም ማዳመጫ አንጠልጥለዋል። ማዘጋጃው በረንዳ ላይ ወንበር አስቀምጠው ሕዝቡን በሰልፍ አቆሙና አንድ በአንድ ደረቱ ላይ ማዳመጫውን እያስጠጉ አስፈሪ ቃል ይናገራሉ። ልብ ከዘለለ ስጋት አለ ማለት ነው።

«ፈንጂ!» አሉ ለመጀመሪያው ሰው።

«አቤት» አለ ሰውየው፤ የተጠራ መስሎት።

«አፈና! ወረራ! ሰርጎ ገብ!»

ምንም የለም። ልባችን እንደ ወፍጮ በአንድ ዓይነት ይሄዳል። «ግብር!» ሲሉ ብቻ ሰልፉ በሙሉ ደነገጠ፤ ወይዘሮ ትርንጎ ግን ክልሉ የራሱ ለሆነ ስጋት ድጋፍ አይሰጥም ብለው አለፉት። ተራው የእትዬ ሽታዬ ደረሰ። እትዬ ሽታዬ ጌሾ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ የሳቸውን ድምፅ ያልሰማ ሰው የለም።

«እስቲ እርስዎ ማንን ይፈራሉ?»

«እግዜርን። ከዚያ ደግሞ የባሌን እህት።»

«የባልዎ እህት የታጠቀች ናት?»

«ምላሷን ነዋ!»

ሰልፉ ሳቀ። ወይዘሮ ትርንጎ ማዳመጫቸውን ሊያጥፉ ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ላይኛው መንገድ ያሉ አንድ አሮጊት አረፉና እንዳላማው ማዞሪያው ላይ ጡሩምባውን ነፋ። የማዳመጫው ጫፍ አሁንም እትዬ ሽታዬ ደረት ላይ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተንገዳገዱ። ቀና ሲሉ ሰልፉ የለም። እትዬ ሽታዬም የሉም። ሁላችንም ወንዙን ተሻግረን ሄደናል።

አቶ ልሳኑ ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሹመት ነውና።

«ያ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«ጡሩምባ ነፊያችን ነው። እንዳላማው ይባላል።»

«ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ልቡን አስደንግጦ ከቤቱ የሚያስወጣ ሰው ይዛችሁ ስጋት የለንም ትላላችሁ?»

አቶ ልሳኑ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ይህን አላሰቡትም ነበር።

*

በማግስቱ እንዳላማው ማዘጋጃ ቤት ተጠራ። ብቻውን መሄድ ስለከበደው እኔን አስከተለኝ።

«እኔ አሸባሪ?» አለ ነገሩ ሲነገረው። «እመቤቴ፣ እኔ እኮ ዶሮ እንኳ ጎረቤት ለምኜ ነው የማሳርደው። ይሄው ጥጋቡን ይጠይቁት።»

«እውነቱን ነው» አልኩ። «የፋሲካውን ያረድኩለት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በጣም ጥሩ። ማንነቱን በሚገባ የደበቀ ነው። ነጥብ ያስገኛል።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«እኛ እኮ እናውቅሃለን» አሉ አቶ ልሳኑ፣ ትከሻውን እየቸበቸቡ። «ለስሙ ነው። ገንዘቡ ከገባ መጀመሪያ የሚሠራው ምን መሰለህ? ከእናትህ ቤት በላይ ያለው ግድግዳ። ድንጋይ በድንጋይ። እኔ አስቤበታለሁ።»

እንዳላማው የነገሩን ቀሪ አልሰማም። ግድግዳ የምትለዋን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እማማ ደብሪቱ ወንበራቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅሙ ነበር።

«እማዬ፣ አሸባሪ ሁን ብለውኛል።»

እማማ ደብሪቱ ምስሩን አስቀመጡ። «ሥራ ነው ወይስ ስድብ?»

«ሁለቱም ይመስለኛል።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ስድብ ነው።» ጥቂት አሰቡ። «ግድግዳው ግን ይሠራል?»

«ብለዋል።»

«በል እንግዲህ» አሉ ምስሩን መልሰው እያነሱ፣ «ትንሽ ተሰደብልኝ።»

*

ገንዘቡ ገባ። በቀይ ሪባን ተቀበልነው። እንዳላማው ራሱ በመጀመሪያው ረድፍ ቆሞ አጨበጨበ፤ እስኪነግሩት ድረስ ማለቴ ነው። ስጋቱ በክብር እንግድነት አይቆምም ተባለና ከግንድ ኋላ እንዲቆም ተደረገ።

ግድግዳው ግን አልተሠራም። የድጋፉ ደንብ እያንዳንዱ ነገር በስጋቱ ላይ እንዲውል ያዛል። አቶ ልሳኑ የቻሉትን ያህል ታገሉ፤ ይህን አልክድም።

«እንዳላማው ከኮረብታው ላይ ወርዶ ቢያጠቃንስ?» አሉ። «ግድግዳው ያግደዋል።»

«ቤቱ የት ነው?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«ከኮረብታው ሥር።»

«ታዲያ ከቤቱ ተነስቶ እናንተን ለማጥቃት ኮረብታ ምን ያስወጣዋል?»

ግድግዳው በዚሁ ቀረ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጡሩምባው ተያዘ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ አንዲት ክፍል ተለቀቀችለትና በመስታወት ሣጥን ተቀመጠ። ጠባቂ ሲፈለግ ምሰሶ መሸከም የለመደ ትከሻ ያለኝ እኔ ስለነበርኩ ተቀጠርኩ፤ ኪሱ የበዛ የደንብ ልብስም ተሰፋልኝ። ቀጥሎ ሳይረን ተገዛና የማዘጋጃው ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። በመጨረሻ መጠለያው መጣ። ሳይረኑ ሲጮህ ሕዝቡ የሚሸሽበት፣ አዳራሽ የሚያህል የሲሚንቶ ቤት። ደንቡ መጠለያው ከማዘጋጃው በተቻለ መጠን እንዲርቅ ያዛል፤ ጥቃት የሚደርሰው ማዘጋጃ ላይ ነውና። ከማዘጋጃው እጅግ የራቀው ቦታ የኮረብታው እግር ነው። መሐንዲሱ ጎበዝ ስለነበር የኮረብታውን እግር ቆርጦ አነሳና ኮረብታውን ራሱን የኋላ ግድግዳ አደረገው። የአንድ ግድግዳ ሲሚንቶ ተረፈ፤ በተረፈውም የአቶ ልሳኑ ደረጃ ተለሰነ።

እንዳላማው ያን ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስንጥቁን አየ። ድሮ እጅ የሚያስገባው አሁን ፍየል ያስገባል። ወርዶ ምንም አላለም፤ ምክንያቱም አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ስጋት ሲናገር ይመዘገባል እንጂ አይሰማም።

መመሪያው ሌላም ነገር ነበረው። ስጋቱን ሰላም ማለት አይቻልም። ሲመጣ መንገድ መልቀቅ፣ ካልተቻለ ጀርባ ማዞር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እየሳቀ ያዞር ነበር። ጀርባውን አዙሮ «እንዳላማው፣ እንደምን አደርክ» የሚል አይጠፋም፤ እሱም ለጀርባው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ የቆየው ግን ጋሽ ቢተው፣ የእትዬ ሽታዬ ባል፣ እስኪሞቱ ድረስ ነው።

ጡሩምባ የለም። ሳይረኑ ለሽብር እንጂ ለሞት አይጮኽም። እትዬ ሽታዬ ብቻቸውን ደጅ ለደጅ እየሄዱ መርዶውን አረዱ፤ ያልሰማው ከሰማው በዛ። ያንን የመሰለ ሰው፣ የስንቱን ሬሳ ተሸክሞ ያስቀበረ ሰው፣ ተሸካሚ አንሶት መንገድ ላይ እያረፈ ሄደ። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ ድንኳን ነፋስ ይበዛበታል።

እንዳላማው ለቅሶ ሲደርስ እትዬ ሽታዬ ጀርባቸውን አዞሩ። መመሪያው ስላዘዘ አልነበረም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ጡሩምባህን ለመስታወት ሰጥተህ፣ ባሌን እንደ ድመት አስቀበርከኝ!»

«ወስደውብኝ ነው እኮ።»

«ሲወስዱብህ ኡኡ አትልም ነበር? እንሮጥልህ ነበር እኮ!»

ከዚያ በኋላ ሰው ጀርባውን ሲያዞር መሳቁን ተወ። ልጆች እሱን ሲያዩ መሮጥ ጀመሩ። በሚቀጥለው ምዘና ወይዘሮ ትርንጎ «እንዳላማው!» ብለው ሲናገሩ የሕዝቡ ልብ በእውነት ዘለለ። በጣም ደስ አላቸው።

*

የመሸሹ ልምምድ ግን ራስ ምታት ሆነ። ሳይረኑ የመጀመሪያ ቀን ሲጮህ ሕዝቡ ወደ መጠለያው መሸሽ ነበረበት። ሕዝቡ ወደ ሳይረኑ ሮጠ። አካፋ የያዘ አለ፣ ቃሬዛ የያዘ አለ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ አለ። እኔም ሣጥኑን ትቼ የድንኳኑን ምሰሶ ይዤ ወጣሁ። ሁላችንም ማዘጋጃው ደጅ ተኮልኩለን በአንድ አፍ «ማን ሞተ?» አልን።

ወይዘሮ ትርንጎ ከበረንዳው ላይ አምባረቁ። «ከአደጋ ይሸሻል እንጂ ወደ አደጋ ይሮጣል?»

«ታዲያ ሁሉም ከሸሸ» አሉ እትዬ ሽታዬ፣ «የተጎዳውን ማን ያነሳዋል?»

ወይዘሮ ትርንጎ ወረቀታቸውን አገላበጡ። «ለዚያ በጀት አልተያዘም።»

ደጋግመን ተለማመድን። ደጋግመን ወደ ሳይረኑ ሮጥን። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ መጣ። በነሐሴ መጨረሻ ታላቅ ልምምድ ይደረጋል፤ ያን ቀን ሕዝቡ መጠለያ ካልገባ ገንዘቡ ይመለሳል፤ የተበላውም ጭምር። አቶ ልሳኑ ለሦስት እሑድ ግንባራቸውን ሳይፈቱ አሰቡ። ከዚያ በሬ ገዙ።

«ሥጋው መጠለያው ውስጥ ነው» ተብሎ ታወጀ። «ሳይረኑ ሲጮህ ይቆረጣል። የዘገየ አጥንት ይደርሰዋል።»

በአንድ ሙከራ ብቻ ተሳካ። ሕዝቡ ሳይረኑን ሲሰማ ቢላዋ ይዞ መጠለያው በር ላይ ተሰለፈ። ታላቁ ልምምድ ሲመጣ ደግሞ ድጋፉ ለደካሞች እንደሚያስብ እንዲታይ፣ እማማ ደብሪቱ ከነወንበራቸው ተወስደው ከኋላ፣ ኮረብታውን ተደግፈው እንዲቀመጡ ተወሰነ።

*

በዚያ ሳምንት ዝናቡ አላባራም። በልምምዱ ቀን ጠዋት እንዳላማው የእናቱን በር ሊዘጋ ቢሞክር እምቢ አለው። ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ በር ነው። ቢገፋው፣ በትከሻው ቢለው፣ መቃኑ ተጣሞ አይገጥምም። ከቤቱ ኋላ ያለችው ምንጭ ቀይ ጭቃ ትተፋለች። ሮጦ ወንዙን ተሻገረና ማዘጋጃ ደረሰ። አቶ ልሳኑ አዲስ ክራባት እያሰሩ ነበር፤ ወይዘሮ ትርንጎም ነበሩ።

«ኮረብታው እየመጣ ነው!» አላቸው። «ዛሬ ሰው እዚያ አታስገቡ። እግራችሁ ሥር ወድቄያለሁ፣ ለነገ አድርጉት!»

አቶ ልሳኑ ክራባቱን ለቀቁት። ለአፍታ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አየሁ። ግንባራቸው ሳይቋጠር ያሰቡ መሰለኝ።

«ዛቻ ነው» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «በልምምዱ ቀን፣ በቦታ ተለይቶ የተሰነዘረ። ይመዝገብ።»

አቶ ልሳኑ ክራባቱን አጠበቁት። እንዳላማው ልምምዱ እስኪያልቅ ከጡሩምባው ጋር እዚያችው ክፍል ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ፤ ጠባቂው እኔ ነኝ።

ሳይረኑ ጮኸ። በመስኮቱ እናያለን። ከወንዙ ማዶ ሕዝቡ ቢላዋውን ይዞ ሲጎርፍ፣ አራት ወጣቶች እማማ ደብሪቱን ከነወንበራቸው ተሸክመው ሲገቡ። ወይዘሮ ትርንጎና አቶ ልሳኑ ጃንጥላ ተይዞላቸው ገቡ። ሳይረኑ ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«ጥጋቡ» አለ እንዳላማው። መስኮቱን እንደያዘ ነው። «እናቴ እዚያ ውስጥ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«የአንተም ሚስት።»

«አውቃለሁ እኮ፣ እንዳላማው! የሣጥኑ ቁልፍ...» ኪሶቼን መፈተሽ ጀመርኩ። የደንብ ልብሱ ኪሱ ብዙ ነው፤ አንዱ ውስጥ የለም፣ ሌላው ውስጥ የለም።

ሣጥኑ በድንኳን ምሰሶ ተሰበረ። ምሰሶውን ለእንዳላማው ማን እንዳቀበለው እስካሁን እየተጣራ ነው።

ጡሩምባውን ከስባሪው መሐል አውጥቶ፣ እጁ እየደማ በረንዳው ላይ ቆሞ ነፋ። ስንት ወር ያልተነፋ ጡሩምባ ነው፤ መጀመሪያ አልወጣለትም። ሁለተኛው ወጣ። ያ ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ እንዴት እንደገባ ሚስቴ ነግራኛለች። ሥጋው ገና መቆረጥ ጀምሮ ነበር። የሁሉም እጅ አየር ላይ ቀረ። ወይዘሮ ትርንጎ «ልምምዱ አላለቀም! ማንም አይንቀሳቀስ!» አሉ። እትዬ ሽታዬ ግን ቢላዋቸውን ሥጋው ላይ ሰክተው ተነስተዋል።

«ሰው ሞቷል» አሉ። «ተነሱ!»

ተነሱ። ነጠላ እየተዘቀዘቀ፣ በሩ እስኪጠብ ድረስ ወጡ። እማማ ደብሪቱን ከነወንበራቸው ያነሷቸው እትዬ ሽታዬና ሦስት ሴቶች ናቸው። አቶ ልሳኑ ከሕዝቡ መሐል ሮጡ። ወይዘሮ ትርንጎ እየተቆጡ ተከተሉ፤ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ብቻውን የሚቆም እግር የላቸውም እሳቸውም። ድልድዩን ተሻግረው ማዘጋጃው ደጅ በጭቃ ተለውሰው ደረሱ።

«ማን ሞተ?»

እንዳላማው ከበረንዳው ወረደ። ከንፈሩ ደም ነው፤ ጡሩምባውን እንደያዘ እናቱን በዓይኑ ይፈልጋል።

«ማን ሞተ እኮ ነው የምንልህ!»

ያን ጊዜ ኮረብታው መጣ። ነጎድጓድ መስሎን ነበር፤ ግን ነጎድጓድ ያልቃል፣ ይሄ አላለቀም። ስንዞር መጠለያው አልነበረም። የእማማ ደብሪቱ ቤት አልነበረም። የእትዬ ሽታዬ፣ የእኔ፣ ታች ሰፈር በሙሉ ቀይ ጭቃ ነበር፤ ልክ እንደ ካርታው፣ ምንም የሌለበት ቦታ።

ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣

«ሥጋውስ?» አለ።

እማማ ደብሪቱ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። ከዚያ ነው ሰው ማልቀስ የጀመረው።

*

በድንኳኔ ውስጥ ሰነበትን። ሕፃኑም፣ ሹሙም፣ መዛኟም። ወይዘሮ ትርንጎ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ባዶ እግራቸውን ሪፖርት ጻፉ። አንድ ቀን ከሰዓት እንዳላማውንና አቶ ልሳኑን ለብቻ ጠሯቸው፤ ጠባቂ ነኝና እኔም ነበርኩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም።

«ኮረብታው በራሱ ከወረደ» አሉ፣ «ደንቡ አይከፍልም። ያረጀ ስጋት ነው። ሰዉ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ይከርማል። ስጋቱ ያወረደው ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሜዳው ላይ ቤት ይሠራል።»

እንዳላማው ገባው። «እንዴት እንዳወረድኩት ይጠይቁኛል?»

«አይጠይቁህም። ማውረድህን ብቻ።»

«ከዚያስ?»

ወይዘሮ ትርንጎ ወደ መሬት አዩ። «ከዚያማ ከጡሩምባው ጋር ትቀመጣለህ።»

እንዳላማው በድንኳኑ መጋረጃ ቀዳዳ ወደ እናቱ አየ። ወንበራቸው እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ ተደግፏል፤ ውሃ ከሥራቸው ይሄዳል።

«ኮረብታውን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሲነገራቸው እማማ ደብሪቱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «እሱ? በልጅነቱ እኮ ወፍጮ ድንጋይ ማንከባለል ያቅተው ነበር።»

*

አሁን ሜዳው ላይ ነው የምንኖረው። ቤታችን ቆርቆሮው አዲስ ነው። ካርታ ሠሪው በበጋ ተመልሶ መጥቶ አስገብቶናል። እንዳላማው ማዘጋጃው ውስጥ፣ በአዲሱ የመስታወት ሣጥን አጠገብ ይኖራል። የምጠብቀው እኔ ነኝ። መመሪያው አልተለወጠም፤ በመስኮቱ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ጀርባውን ያዞራል። ነገር ግን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግንብ እያዩ «እንደምን አደርክ? ደህና ነህ ወይ? ብርዱ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ለግንቡ ይመልሳል። እትዬ ሽታዬ ከሁሉ ይረዝማሉ። ጌሾው ስንት እንደገባ ሳይቀር ለግንቡ ይነግሩታል። እማማ ደብሪቱ በየጠዋቱ ደጃቸው ተቀምጠው ይጠሩኛል።

«ጥጋቡ! ያ አሸባሪ ቁርስ በላ?»

«በልቷል እማማ።»

«ብርድ ልብስ አድርግለት። ደረቱ አይችልም።»

ሰው ሲሞት ሣጥኑን ለማጽዳት እከፍተዋለሁ። አጽድቼ መዝጋቱን እረሳለሁ፤ የማስታውሰው ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቀብር ጥቃት ተብሎ ይመዘገባል። ክልሉ የከተማችን ስጋት ከዓመት ዓመት እየከፋ ነው ብሎ ያምናል፤ ድጋፉም አይቋረጥም። ዘንድሮ በእሱ ትምህርት ቤቱን ጣሪያ አለበስንለት፤ መጠለያ ብለን።

ባለፈው ወር፣ ወይዘሮ ትርንጎ ለዓመታዊው ምዘና መጥተው ሳለ፣ አንድ ማለዳ ማንም ሳያዘኝ ሣጥኑን ከፈትኩት። እንዳላማው ከእንቅልፉ ተነስቶ ጋቢውን እየጣለ፣

«ለማን ነው?» አለኝ።

እሱ ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ያረዳ ሰው ነው፤ እሱን ማን ያረዳዋል? ፊቴን አየ። ቀስ ብሎ ጡሩምባውን አነሳ፣ በጋቢው ጫፍ ወለወለው፣ በረንዳው ላይ ወጣ። እናቱ የሞቱት በደረቅ ቤት፣ በደረቅ አልጋ ላይ ነው።

እንዲያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። ስም ሊጠራ ሲሞክር አልወጣለትም፤ መልሶ ነፋ። ከሜዳው ዳርና ዳር ሰው ወጣ፤ ከላይኛው መንገድ፣ የመኪናው መብራት ከሚሽከረከርበት ከተማ ሳይቀር መጡ። እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀድመው ደረሱ። ወይዘሮ ትርንጎ ማዳመጫው ከአንገታቸው ወድቆ፣ ጫማቸው በአንድ እግራቸው ብቻ ሆኖ እየሮጡ መጡ። ሁሉም በረንዳው ሥር ቆመው ቀና ብለው አዩት። ያን ቀን ጀርባውን ያዞረ አልነበረም።

በሪፖርቱ ላይ ከተማችን ከቆመች ጀምሮ የደረሰባት ትልቁ ጥቃት ተብሎ ተጽፏል። ትክክል ነው። ያልመጣ ሰው አልነበረም።